ተተኪ ያጣው ሻምበል ተገኝ

አላችሁ? ድምፃችሁን አሰሙኝ እንጂ! ጄኔሬተሩ ነዳጁን ጠጥቶ ጨርሷል፣ ጨረቃም የለችም፣ የራሴን እጅ እንኳ አላይም። እኔ «አላችሁ?» ስል እናንተ «አለን» በሉ። ዝም ያለውን ሰው የለም ብዬ እቆጥረዋለሁ። የሌለ ሰው መካከላችን ከተቀመጠ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አላችሁ?

እሺ። አውሮፕላኑ ነገ ጠዋት ይነሣል ተብለናል። እስኪነጋ ምን እናድርግ? መተኛት የሚችል ይተኛ። የማይችል ይስማኝ። ሰምቶ እንቅልፍ ካጣ ግን እኔን እንዳይወቅስ። እኔ በእነዚህ ትንንሽ አውሮፕላኖች ክትባት ይዤ ከቆላ ቆላ ስዞር ያረጀሁ ነርስ ነኝ። ሽበቴን የማታዩት ጨለማ ስለሆነ ነው። የምነግራችሁን ከሁለት ሰዎች አፍ ሰምቻለሁ፤ አንዷ አትዋሽም፣ አንዱ ደግሞ መዋሸት የተወ ሰው ነበር።

ድሮ ነው። የመንደሩን ስም አልጠራም። ስም ከጠራሁ «አገራችንን ሰደበችብን» የሚል አይጠፋም። መንደር በሉት። ሰዓቱ አሥር ተኩል አልፏል። ፀሐይ ማዘንበል ጀምራለች። አንድ ትንሽ አውሮፕላን ብቻውን ይሄዳል። መንገዱስ? ምን መንገድ አለው! የሰማይ መንገድ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ቢፈራ ዛፍ ላይ ይወጣል። ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ሰማይ ላይ «ቤቶች!» ብትሉ ማን «ይግቡ» ይላችኋል? ማንም። «ይግቡ» የሚላችሁ ካለማ አለቀላችሁ።

በዚያ መንገድ ላይ ግን አንድ ሰው ይኖራል ይባል ነበር። ሻምበል ተገኝ ይባላል። እሱም በዘመኑ አብራሪ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲበር በሬዲዮ «ነዳጅህ እንዴት ነው?» አሉት። «ችግር የለም» አለ። ቆይተው ደግመው ጠየቁት። «ችግር የለም» አለ። ሦስተኛ ጠየቁት። «ችግር የለም ብያለሁ!» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ስሙ ተገኝ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሻምበሉ ከሞተም በኋላ ከሥራው አልተሰናበተም አሉ። ለምን? ተተኪ የለውማ! የእኛን መሥሪያ ቤት ታውቁት የለም? ተተኪ ሳይገኝ መልቀቂያ የለም። ተተኪውም ዝም ብሎ ማንም አይሆንም፤ ነዳጅ እያለቀበት ሦስት ጊዜ «ችግር የለም» ያለ አብራሪ መሆን አለበት። ሦስተኛውን ሲል ሻምበሉ ኮቱን አውልቆ ያለብሰዋል። እሱ ወደ ማረፊያው ይሄዳል፣ ለባሹ በቦታው ይቀራል። ሰማችሁ? አላችሁ?

አሁን ወደ ሕያዋኑ ልምጣ። ብቻውን የሚሄደውን አውሮፕላን የሚያበርረው ስንሻው ይባላል። ስንሻው ሰነፍ አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ሰነፍ ቢሆን ታሪኩን አልነግራችሁም ነበር። «ነዳጅ ሦስት ነው» ይል ነበር። «አንዱ መድረሻ ነው። ሁለተኛው፣ መድረሻው ተዘግቶ ቢገኝ ወደ ሌላ ሜዳ መሄጃ ነው። ሦስተኛው የጉድ ነው።» የጉድ ነዳጅ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ በእኛ አገር በረራማ ጉድ ሳይሰማ ሰኞም አይመሽም።

አብሮት የሚሄደው ደግሞ ይልቃል ነው። ይልቃል የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ፈርሷል፤ ሙት ወቃሽ አልሁን። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ ናቸው። ሰው ፊት ሲሆን ስንሻው «አቶ ይልቃል» ይለዋል። ለብቻቸው ሲሆኑ ይልቃል ነው፣ በቃ።

ይልቃል ለሥራ ቆላ ወርዶ ከርሞ መመለሱ ነው። ባዶ እጁን ይመለሳል? እናንተስ ትመለሳላችሁ? ከሰል ሳይጭን ከቆላ የተመለሰ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ብታወጡም አላያችሁም፤ ብትዋሹም አላውቅባችሁም። ይልቃል ሦስት ማዳበሪያ ከሰል ጫነ። በቢጫ ጀሪካን ማር ጫነ። አንዲት ፍየል ጫነ። ፍየሏ ገና አልተጫነችም፤ ቆይ እመጣበታለሁ።

ነዳጅ የሚቀዳው ሙሄ የሚባል ሰው ነው። ከበርሜል በሞተር ፓምፕ ይቀዳል። ፓምፑ ዷ ዷ ዷ ይላል። ሙሄ የግራውን ክንፍ ሞላ። ወደ ቀኙ ክንፍ ተሻገረ፣ ቧንቧውን ከተተ፣ ጀመረ። ገና መጀመሩ ነው። ይኸኔ ይልቃል አራተኛ ማዳበሪያ ከሰል ተሸክሞ ከዛፉ ሥር ብቅ አለ። ስንሻው ከሩቅ አየው። አውሮፕላን እንደ አይሱዙ አይደለም፤ ክብደት ይቆጥራል። ስንሻው ተናደደ። በፓምፑ ጩኸት ላይ ጮኸ።

«ይልቃል! ኧረ ይልቃል! ይልቃል!»

ሙሄ ክንፉ ላይ ሆኖ ምን የሰማ ይመስላችኋል? ማን አወቀ? አዎ!

«ይበቃል! ኧረ ይበቃል! ይበቃል!»

ሙሄ ታዛዥ ሰው ነው። ቧንቧውን ነቀለ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ወረደ። ካፒቴን እንዲህ ከጮኸማ በቅቶታል ማለት ነው አለ በልቡ። ይኸውላችሁ፣ ስንሻው ስለ ከሰል ሲጮህ ነዳጁን አጣ። አራተኛው ማዳበሪያስ? ተጫነ። ይልቃል ነዋ! ስሙን ያወጡለት ሰዎች ያውቁ ነበር።

ሳቁ፣ ሳቁ። ቆይታችሁ አትስቁም።

«አብራሪው አያይም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ያያል! አብራሪ ከመነሣቱ በፊት የነዳጁን ቋት ከፍቶ ምልክት ያለው ዘንግ ይነክርበታል። ዘንጉ እስከ የት እንደረጠበ አይቶ ያውቃል። ስንሻውም ዘንጉን ፈለገ። ዘንጉ የት ነበር? መሬት ላይ ተተክሏል። ፍየሏ ታስራበታለች።

«ይልቃል፣ ዘንጌን ስጠኝ» አለ።

«ፍየሏ ታመልጣለች፤ መጀመሪያ እሷን እንጫናት» አለ ይልቃል። «ደግሞ ቶሎ በል፣ አለቃዬ የምንሄድበት መንደር ናቸው፣ ዛሬ ይፈልጉኛል።»

ፍየሏን ይዘው ታገሉ። በቀንዷ እየወጋች፣ እየጮኸች ተጫነች። ዘንጉ እዚያው ተተክሎ ቀረ። መለኪያውስ ትሉኛላችሁ፤ አብራሪው ፊት ለፊት ሁለት መለኪያ አለ። የግራው ይሠራል። የቀኙ ከተበላሸ ቆይቷል፤ መርፌው «ሙሉ» ላይ ደርቋል። እንደ ዓመት ማብቂያ ሪፖርት ነው፣ ምንጊዜም ሙሉ ነው። ስንሻው ሙሄን ጠየቀው። «የቀኙን እንዳልኩህ አደረግከው?» አለው። ሙሄም «እንዳሉኝ አድርጌያለሁ፣ ካፒቴን» አለ። ዋሸ? አልዋሸም! እንዳለው ነው ያደረገው።

ተነሡ። ሄዱ። ሰማዩ ንጹሕ ነው። ይልቃል ከፊት፣ ከአብራሪው ጎን ተቀምጦ ስለሚጠብቀው ሹመት ያወራል። ስንሻው መጀመሪያ የግራውን ቋት ይጠቀማል፣ መለኪያው የሚታየውን። የቀኙ «ሙሉ» ነው፤ የቀኙ መድኅኑ ነው። የግራው ወደ ማለቁ ሲል መንደሩ ታየ። መብራት የሌለው ሜዳ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መውረድ ግድ ነው። ስንሻው ማይኩን አነሣ። ሬዲዮ ላይ ያለችው ዘርፌ ናት። አትዋሽም ያልኳችሁ እሷ ናት።

«ካፒቴን ስንሻው፣ እንኳን ደህና መጡ» አለች ዘርፌ። «ሜዳው ተዘግቷል።»

«ለምን?»

«ለመክፈቻ።»

«ምን ማለት ነው ለመክፈቻ?»

«የታደሰው ማኮብኮቢያ ዛሬ ይመረቃል። ለመክፈቻው ሲባል ተዘግቷል።»

አልፈጠርኩትም፣ በሕይወቴ! በዚያ መንደር ከማኮብኮቢያው በቀር ደልዳላ ቦታ የለም። ስለዚህ ድንኳኑን ማኮብኮቢያው ላይ ተከሉት። ወንበሩን ደረደሩት። ሪባኑን ከዳር እስከ ዳር ወጠሩት። ጠዋት ሊጀመር ነበር፤ ክቡር እንግዳው ስለዘገዩ አሁን ገና መናገር ጀምረዋል።

«ከተራራው ወዲያ ያለው ሜዳስ?» አለ ስንሻው።

«እዚያማ ጤፍ እየተወቃበት ነው። በሬዎቹ መሃሉ ላይ ናቸው።»

ገበሬው ምን ያድርግ? ከዚያ የተሻለ አውድማ ከየት ያመጣል? አውሮፕላን በወር አንዴ ነው የሚመጣበት፤ ጤፍ በየዓመቱ አይቀርም።

«ነዳጅዎ እንዴት ነው፣ ካፒቴን? ንግግሩ እስኪያልቅ መቆየት ይችላሉ?»

እዚህ ጋ ቁሙ። አሁን ስንሻው ምን ማለት ነበረበት? «የግራዬ ሊያልቅ ነው፣ የቀኜን በዓይኔ አላየሁም» ማለት ነበረበት። ይኸው ነው፤ አጭር ነው። ምን አለ?

«ችግር የለም።»

እኔ እዚህ ላይ ሁልጊዜ እናደዳለሁ። ሳያውቁ «ችግር የለም» ማለት ምን አመል ነው? ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምንለው? ቤቱ እየነደደ «ችግር የለም፣ ይሞቀናል» የምንል ሰዎች ነን እኮ!

ማይኩን መለሰ። ሬዲዮው ሸሸሸሸ አለ። ከሹክሹክታው ውስጥ የዘርፌ ያልሆነ ድምፅ መጣ። የወንድ ድምፅ ነው። ቀስ ያለ፣ ጨዋ ድምፅ።

«ስንት ቀረህ?»

ስንሻው ማይኩን አነሣ። «ማን ነው?» አለ። ዘርፌን ጠየቃት። «እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ካፒቴን። ሰማይ ላይ ካለ እርስዎ ማንም የለም» አለችው።

ማንም የለም! ልብ በሉ።

መዞር ጀመሩ። በድንኳኑ ላይ ዞሩ። ደግመው ዞሩ። ክቡር እንግዳው ቀና ብለው አዩ። አውሮፕላኑ የዝግጅቱ አካል መስሏቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ይህ የልማታችን ውጤት ነው!» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ንግግሩም ከመነሻው ተጀመረ።

ድንገት ሞተሩ ሳለ። እህ እህ! የግራው አለቀ። ስንሻው የነዳጁን መክፈቻ ወደ ቀኙ ቋት አዞረ፤ ሞተሩ ተመለሰ። እፎይ አለ። ይኸኔ ግን ፍየሏ ዝም አለች። እስካሁን ስትጮህ ነበር፤ ዝም አለች። ስንሻው ዞሮ አያት። ከኋላ ጥግ ተለጥፋ የከሰሉን ማዳበሪያ ታያለች። ማዳበሪያው ላይ ማንም የለም። እሷ ግን ታያለች። ጸጉሯ ሁሉ ቆሟል።

ስንሻው ዓይኑን ወደ ታች መለሰ። የአውሮፕላኑ ጥላ ሜዳው ላይ ይሮጣል። ጥላውን አየው። ጥላዎቹን አያቸው ልበል እንዴ? ሁለት ናቸው። አንዱ የእሱ ነው። ሌላው ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ፣ ክንፉ የተሰበረ ነው። አንዱ ሲዞር አንዱ ይዞራል።

አላችሁ? ማን ነው እጄን የያዘኝ? ልቀቂኝ እቴ፣ ገና ነው።

ስንሻው ቆዳው ተሸማቀቀ። ያን ጊዜ ነው ዘንጉ ትዝ ያለው። ሙሄ ከቀኙ ክንፍ ላይ እንዴት ቶሎ እንደወረደ ትዝ አለው። መቼ እንደወረደ ትዝ አለው። እሱ ራሱ «ይልቃል! ይልቃል!» ብሎ ሲጮህ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

«ይልቃል» አለ ቀስ ብሎ። «የቀኙ ባዶ ሳይሆን አይቀርም።»

«ምን?»

«ነዳጅ የለንም። ለዘርፌ ነግሬ ድንኳኑን ማስነሣት አለብኝ።»

ይልቃል ምን አለ? «እንውረድ» አለ? «እናቴን» አለ? አላለም።

«አብደሃል? የሚናገሩት አለቃዬ ናቸው! ዛሬ ስሜን ሊጠሩ ነው! ድንኳናቸውን ልታፈርስባቸው ነው? ሰው ምን ይለናል? ከሰል ጭነው ነዳጅ ረሱ ይበሉን?»

«ልንሞት ነው እኮ።»

«ንግግሩ አሁን ያልቃል። ታገሥ።»

ዘርፌ በሬዲዮ መጣች። «ካፒቴን፣ ይቅርታ፣ ንግግሩ ረዘመ። አሁንም ይችላሉ?»

ስንሻው ማይኩን ያዘ። ጓደኛው በዓይኑ ይለምነዋል። ከታች ያ ሁሉ እንግዳ አለ። ሞትን አልፈራም፤ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለውን ፈራ። ይሉኝታ ነው። ጅብ እግሩን እየበላው «ዝም በሉ እንዳይሰማ» የሚያሰኝ ይሉኝታ!

«ችግር… የለም» አለ።

ከኋላ ከሰሉ ቀጭ ቀጭ አለ። ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው። ሁለቱም ዞሩ። ማዳበሪያው ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ያረጀ የአብራሪ የቆዳ ኮት ለብሷል። ፊቱ የሰው ፊት ነው፤ ነገር ግን የደረቀ ነው፣ ውኃ ካየ የቆየ። ከከሰሉ ላይ ተቀምጦ ከሰል አልነካውም። ፈገግ አለ።

ይልቃል ምን ያለ ይመስላችኋል? ኃላፊ ነው እኮ! «አንተ ከየት መሥሪያ ቤት ነህ? ደብዳቤ ይዘሃል?» አለው።

«ደብዳቤ የለኝም» አለ ሰውዬው በጨዋ ድምፅ። «ሞቻለሁ።»

«ቢሆንም አሠራር አለ…» አለ ይልቃል። ቀሪውን ዋጠው።

«አቤቱታ አይደለም የመጣሁበት» አለ ሻምበል ተገኝ። «ርክክብ ነው። ስንሻው፣ ልጄ፣ ግራ እጅህን እየው።»

ስንሻው ግራ እጁን አየ። ሸሚዙ የለም። ከትከሻው እስከ አንጓው የቆዳ እጅጌ ለብሷል። አሮጌ፣ የተሰነጣጠቀ፣ እንደ ውርጭ የቀዘቀዘ። ዞሮ አየ። የሻምበሉ ኮት ላይ አንድ እጅጌ የለም።

«አንዱ ቀርቷል» አለ ሻምበሉ። «ብዙ ጠበቅሁ። ደህና ቦታ ነው፤ ሰማይ ነው፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ ማንም አይመጣብህም። ሥራው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ስንት ቀረህ?»

ሞተሩ ሳለ። እህ እህ እህ! ስንሻው ክንፉን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቀነቀ፤ ከቋቱ ጥግ የቀረች ጠብታ እንድትወርድ። ሞተሩ መጣ። ሄደ። መጣ።

በዚሁ ላይ ዘርፌ መጣች። ድምፅዋ ደስ ብሎታል፣ ምስኪን ምን ታውቃለች! «ካፒቴን፣ ክቡር እንግዳችን ከእርስዎ ሰላምታ መስማት ይፈልጋሉ። ሬዲዮውን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝተነዋል። ሕዝቡ ሁሉ ይሰማዎታል። ደህና ናችሁ? በሉ ለሕዝቡ አንድ ነገር ይበሉ!»

አያችሁ? አያችሁ የሰይጣንን ሥራ? ለአንዲት ሴት በሹክሹክታ መናገር አቅቶት የነበረ ሰው አሁን በአገር ፊት ይናገር!

ሻምበሉ ተነሣ። ኮቱን ማውለቅ ጀመረ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይፈታል። «በል» ይለዋል ከጆሮው ሥር። «በል የኔ ልጅ። ሁለት ቃል ናት። ስትላት ኖረሃል። ችግር…» ትንፋሽ የለውም፤ ጆሮው ላይ ግን ቅዝቃዜ ይነፋል። «ችግር… በል እንጂ…»

ይልቃል በአንድ በኩል በምልክት ይለምናል፣ ሙቱ በሌላ በኩል ይለምናል። ልብ ብላችኋል? ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚለምኑት።

ስንሻው በኋላ ነገረኝ። «በዚያች ሰዓት እናቴ ትዝ አለችኝ» አለኝ። «ልጅ ሆኜ ሆዴን ሲያመኝ እደብቃት ነበር። 'በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም' ብላ በኩርኩም ትለኝ ነበር። ኩርኩሟ ነው የተሰማኝ» አለኝ። እኔም ሰምቼ አለቀስኩ፤ አላፍርም።

ማይኩን በቀኝ እጁ አነሣ። ጮኸ። በድምፅ ማጉያው፣ በእንግዳው ላይ፣ በድንኳኑ ላይ፣ በመንደሩ ላይ ጮኸ።

«ነዳጅ የለኝም! ችግር አለ! በጣም ችግር አለ! ከሰል ጭኜ ነዳጁን ሳላይ መጣሁ! ሞተሬ ሊጠፋ ነው! ድንኳኑን አንሡልኝ፣ በእናታችሁ!»

ከኋላው አንድ ጩኸት ተሰማ። ሰው እንዲህ አይጮኽም። ጡረታ ሊወጣ ሲል «ውልህ ተራዝሟል» የተባለ ሰው ነው እንዲህ የሚጮኸው። እጅጌው ከክንዱ ላይ ተገሽልጦ ሄደ፤ ቆዳውን የገፈፉት መሰለው። «እንደገና!» አለ ሻምበሉ እያለቀሰ። «እንደገና ልጠብቅ!» ከሰሉ ቀጭ አለ። ቦታው ባዶ ሆነ። ፍየሏ ጮኸች። ሞተሩም ጠፋ።

ዝም። የንፋስ ድምፅ ብቻ።

ታችስ? ታች መጀመሪያ የሮጡት በፊተኛው ረድፍ የተቀመጡት ናቸው። ክቡር እንግዳው «ይህ የሚያሳየው…» ብለው ምን እንደሚያሳይ ጠፋቸው። ዘርፌ ከሬዲዮ ክፍሏ ወጥታ ሮጠች። «የዕድር ሰዎች! የዕድር ሰዎች!» ብላ ጮኸች። ድንኳኑ የመንደሩ ዕድር ንብረት ነበር፣ ተውሰውት ነው። ዕድርተኛን ድንኳን በመትከልና በመንቀል ማን ይቀድመዋል? ካስማውን ነቀሉ፣ ምሰሶውን ተሸከሙ፣ ወንበሩን በጭንቅላታቸው ይዘው ሮጡ። ዕድርተኛ ለለቅሶ ሳይጠራ ለቅሶውን ሲያስቀር የሰማሁት የዚያን ቀኑን ብቻ ነው።

አውሮፕላኑ ያለ ድምፅ መጣ። ዝቅ አለ። ክቡር እንግዳው መቀሱን እንደያዙ ሪባኑ ጋ ደርቀው ቆመዋል፤ አንድ ሰው በወገባቸው ይዞ ጎተታቸው። ጎማው መሬት ነካ፣ ነጠረ፣ ነካ። ክንፉ ሪባኑን በጥሶ አለፈ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከልማድ ነው። ፀሐይም ጠለቀች።

ይልቃል በሩን ከፍቶ ወረደ። ፊቱ በከሰል ጠቁሯል። አለቃው «ምን ሆናችሁ?» ቢሉት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ልምምድ ነበር፣ ክቡርነትዎ።» ሹመቱን አገኘ። አዎ፣ አገኘ! እኔ ምን ላድርግ? እንዳልዋሻችሁ ብዬ ነው።

ስንሻው ግን ከዚያ ወዲያ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልነበረውም። ቤቴ መጥቶ ምሳ ሳቀርብለት «አልጠገብኩም፣ ጨምሪ» ይለኛል። ለአለቃው «ይህን አላውቅም» ይለዋል። ሰው ሁሉ ባለጌ ነው ይለው ነበር። አርጅቶ፣ በአልጋው ላይ ሞተ። ለአብራሪ ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ግራ ክንዱ ግን እስኪሞት ድረስ አልሞቀለትም። እኔ ራሴ ለመርፌ ስይዘው አውቀዋለሁ፤ ያ እጅ የሕያው ሰው እጅ አልነበረም።

ሻምበሉስ? ሻምበሉ የት ይሄዳል! ተተኪ አላገኘማ። ኮቱን በእጁ ይዞ እዚያው አለ። ነገ የምንሄደውም በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ ልጆቼ፣ ጨለማን አትፍሩ። ጅብንም አትፍሩ። «ችግር የለም» ከሚል ሰው ጋር ግን ብቻችሁን መንገድ አትውጡ።

እስቲ ቆይ። ሁላችሁም ነቅታችኋል አይደል? ካፒቴናችንስ? ካፒቴን! ነገ የምትወስደን ልጅ! ከዚያ ጥግ ነህ፤ ስትስል ሰምቼሃለሁ። አትቆጣኝ፣ እንደ እናት ነው የምጠይቅህ። አውሮፕላንህ ላይ አሁን ስንት ነዳጅ አለ?

ምን አልክ? ጮክ በል፣ ከወዲያ ያሉት አልሰሙህም።

«እግዜር ያውቃል»?

እግዜርማ ያውቃል፣ ልጄ። የጠየቅነው አንተን ነው።